ባሕር ዳርና ጣና ዳር እጁን ለዘረጋ ሰው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ የተነሳ ሰው የሆቴሉንና የጀልባውን ዋጋ ጠይቆ ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያነሳት ጥያቄ አለች። የኔ ቢጤ ሲገጥመኝ ምን ላድርግ? ስንት ልስጥ? ለማን? አንዳንዱ መልሱን ከሃይማኖቱ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ከኪሱ። እዚህ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አለ።

ችግረኛ በብዛት የሚገጥመኝ የት ነው?

መናኸሪያ፣ ጊዮርጊስ ደጅና ሐይቅ ዳር። መናኸሪያ ላይ የሚጠይቃችሁ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱም መንገደኛ ነው። መሳፈሪያ ያለቀበት፣ ታማሚ ይዞ የመጣ፣ ሥራ ፍለጋ መጥቶ ያልቀናው። ቅዱስ ጊዮርጊስ መሃል ከተማ፣ ከሐይቁ አጠገብ ስለሆነ ሳታስቡትም ታልፉበታላችሁ። ወር በገባ በ23 ከሄዳችሁ ነዳያን ከበሩ ጀምሮ ተደርድረው ታገኛላችሁ። በሌሎቹ አድባራትም እንዲሁ ነው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም። ቀኑን የሚያውቅ ሰው ዝርዝር ብሩን ከዋዜማው ያዘጋጃል። ሐይቅ ዳር የሚበዙት ደግሞ ልጆች ናቸው፤ ስለ እነሱ ለብቻ እመለሳለሁ።

ለሁሉም መስጠት አልችልም። እንዴት ልወስን?

ማንም አይችልም። ስለዚህ ውሳኔውን ጠዋት ከሆቴል ሳትወጡ ጨርሱት። ለቀኑ የምትሰጡትን ለዩ፣ ወደ አምስትና አሥር ብር ዘርዝሩት፣ ከዋናው ቦርሳ ውጪ በሌላ ኪስ ያዙት። ሲያልቅ አለቀ።

ይህን ስስት የሚለው ሰው አለ። እኔ ግን አይመስለኝም። ሁለት መቶ ብሩን እያየ "ስመለስ እሰጣለሁ" ብሎ የሚያልፈው ዝርዝር ያልያዘው ሰው ነው። ሲመለስ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የሚመለሰው። ሰው በተሰበሰበበት የታጨቀ ቦርሳ መክፈትም ለእናንተ አይበጅም፤ ለጠያቂውም ፈተና ነው።

ካልሰጠሁ ምን ብዬ ልለፍ?

"እግዜር ይስጥልኝ" በሉ። ሙስሊም ከሆናችሁ "አላህ ይስጥልኝ"። ፊቱን አይታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ። ጠያቂው ወዲያው ይገባዋል፤ ብዙ ጊዜም አይከተላችሁም።

"የለኝም" የምትለዋን ብትተዉ ይሻላል። ካሜራ አንግታችሁ ከጀልባ ስትወርዱ አይቷችኋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ስልክ ላይ አፍጥጦ እንዳልሰሙ ሆኖ ማለፍ ነው። አንድ አዛውንት "ልጄ" ብለው ሲጣሩ መልስ መንፈግ፣ ብር ከመንፈግ ይልቅ ያማል።

ሲመርቁኝ ቆሜ ልስማ? እፍረት ይይዘኛል።

ቁሙ። "በወጣችሁበት በሰላም ይመልሳችሁ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ" እየተባለ ጀርባ መስጠት ነውር ነው። ጎንበስ ብሎ "አሜን" ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እናንተ ብሩን ሰጣችሁ፣ እሳቸው ያላቸውን እየሰጡ ነው። ተቀበሏቸው።

አሰጣጡም ወግ አለው። አይወረወርም። ዝቅ ብሎ በቀኝ እጅ ወይም በሁለት እጅ ማስያዝ ነው። ማየት ለተሳናቸው ደግሞ ስንት እንደሆነ ንገሯቸው። "እማማ፣ አሥር ብር ናት" ማለት ይበቃል። ጣታቸው ብሩን ዳሰስ ዳሰስ ያደርጋታል፤ ከዚያ አጥፈው ከነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሯታል። ሲመሽ ማንም አሳንሶ አይዘረዝርላቸውም።

ሰውዬው እያታለለኝ ቢሆንስ?

ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ግን ስንት ብር እንደሆነ አስቡ። ለአሥር ብር ምርመራ አይከፈትም። ጠየቀ፣ ሰጣችሁ፣ አለቀ።

ጥያቄው ከፍ ያለ ገንዘብ ከሆነ ግን አብራችሁ ሂዱ። "መሳፈሪያ ጎደለኝ" ላላችሁ ሰው መናኸሪያው እዚያው ነው። መኪናውን ያሳያችሁ፣ ለረዳቱ ራሳችሁ ክፈሉ። የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ የሚጠይቅም ብዙ ነው። ይሄኛው ላይ ፈጥናችሁ አትፍረዱ። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ከሩቅ ወረዳ ሳይቀር ታማሚ ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣባቸው ናቸው። ላም ሸጦ መጥቶ፣ ገንዘቡ ምርመራ ላይ አልቆ፣ መድኃኒቱ ደጅ ላይ የሚቀርበት አስታማሚ አለ። የማዘዣውን ቀን እዩ። አብራችሁ ፋርማሲ ግቡ። ሁሉንም መግዛት ካልቻላችሁ የቱ እንደሚቀድም ፋርማሲስቱን ጠይቁት። "አይ፣ ብሩን ብቻ ስጡኝ" ካለ መልሳችሁን አግኝታችኋል፤ ሳትቆጡ ተለያዩ።

"ተፈናቅዬ ነው" የሚላችሁም ይኖራል። በክልሉ በጦርነትና በግጭት ከቤቱ የወጣ ሰው ብዙ ነው። "ከየት? መቼ? ወረቀት አለህ?" እያላችሁ መርማሪ ፖሊስ አትሁኑበት። ከሰጣችሁ ስጡ፣ ካልሰጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ግን እኮ ለማይገባው ሰጥቼ ኃጢአት እንዳይሆንብኝ?

ገዳማት የበዙባት የጣና ዳሯ ዘጌ ስትደርሱ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቡና የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕሎች ተመልከቱ። በላኤ ሰብእን ታገኙታላችሁ። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ፣ የገዛ ቤተሰቡን እንኳ ያልማረ። መንገድ ላይ በውኃ ጥም የተቃጠለ አንድ ለምጻም ለመነው። በብዙ ስም ቢለምነው እምቢ አለ። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ነፍሱ በሚዛን ስትቀመጥ ያቺ ጥርኝ ውኃ አዳነችው። የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ የካቲት 16፣ ይህ ታሪክ ይተረካል።

ብዙ ሰው ከታሪኩ የሚያነሳው የእመቤታችንን አማላጅነት ነው፤ ልክ ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ሥዕል ላይ የማይገባው ሰው ተቀባዩ አልነበረም፣ ሰጪው ነበር። እኛ ደግሞ ሁልጊዜ የምንመረምረው ተቀባዩን ነው።

በእስልምናም ቢሆን መንገድና ችግር የተያያዙ ናቸው። ሱረቱ አት-ተውባ አንቀጽ 60 ላይ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ መንገደኛው ነው። አገሩ ሀብት ያለው ሰው እንኳ መንገድ ላይ ከተቸገረ ይካተታል። ሶደቃ ደግሞ ዘካን ያህል ወሰን የለበትም፤ ለጎረቤትም ለማታውቁትም ይሆናል።

ምግብ ልግዛለት ወይስ ብር ልስጠው?

ጠይቁት። "ራበኝ" ካለ ምግብ፣ ሌላ ከሆነ ሌላ።

ምግብ ከሆነ ግን ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ትራፊያችሁን በፌስታል አስጠቅልላችሁ "እንካ" አትበሉ፤ ካልተነካው ቀድማችሁ ለይታችሁ ማስቀረት ትችላላችሁ። ሁለተኛ፣ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ሊሆን ይችላል። የኔ ቢጤም ይጾማል። ሥጋ ገዝታችሁለት "አልበላም" ሲላችሁ ቅር አይበላችሁ። (ዓሣ ጾም ነው፣ አይደለም የሚለውን ክርክር ባሕር ዳር ላይ አትክፈቱት። ሐይቅ ዳር ቆማችሁ አታሸንፉም።) ሦስተኛ፣ ሰውየው ሙስሊም ሊሆን ይችላል፤ ሥጋው ማን ያረደው እንደሆነ ይመለከተዋል። ሽሮ፣ ዳቦ በሻይ፣ ሙዝ ማንንም አያስቸግርም።

ልጆች ሲከቡኝስ?

ሐይቅ ዳር ቁጭ ስትሉ ማስቲካና ሶፍት የያዘ ልጅ ይመጣል። ሊስትሮው ይመጣል። ምንም ሳይዝ "ብር ስጡኝ" የሚልም ይመጣል። ሦስቱን አንድ አታድርጉ።

የሚሸጠውን ከፈለጋችሁ ግዙት፣ ካልፈለጋችሁ ሳታስጠብቁ ንገሩት። ሊስትሮውን አስጠርጉ፤ ጫማችሁ ንጹሕ ቢሆንም ከጀልባ ስትወርዱ አይቆይም። መልሱን ብትተዉለት ደስ ይለዋል፤ ደግሞ ሠርቶ ያገኘው ነው። ጢስ ዓባይ ላይ "እኔ ላሳያችሁ" የሚል ልጅ ካጋጠማችሁ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ስትመለሱ ተጨቃጭቃችሁ "ልጅ ነውና" ብላችሁ የምታሳንሱበት ከሆነ መጀመሪያውኑ አትውሰዱት።

ባዶ እጁን ለሚለምን ልጅ ጥሬ ብር ባትሰጡ እመርጣለሁ። ብሩ እጁ ላይ ላይቆይ ይችላል። ከጀርባ የሚጠብቀው ትልቅ ልጅ ወይም የላከው ሰው ሊኖር ይችላል። በትምህርት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ዛሬ ማግኘቱ ነገም እንዲቀር ያደርገዋል። ራበኝ ካለ ዳቦ በሻይ ግዙለትና አብራችሁ ጠጡ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ከመጣችሁ መንገድ ላይ አትበትኑ። ጉልበት ያለው ይነጥቃል፣ ትንሿ ልጅ ታለቅሳለች። ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አስረክቡት።

ከደጅ "በእንተ ስማ ለማርያም" የሚለው ልጅ ማን ነው?

የቆሎ ተማሪ ነው። ጎጃም መሆናችሁን አትርሱ፤ የቅኔው አገር ነው። ያ ልጅ ከእናት ከአባቱ ርቆ፣ በአብነት ትምህርት ቤት ጎጆ ውስጥ እያደረ ንባብ ወይም ዜማ ወይም ቅኔ ይማራል። ጠዋት ከየኔታ ፊት፣ ቀን ደግሞ በየደጁ። ሥርዓቱ ከጥንት እንዲህ ነው። ለምኖ መማር ትሕትናም ይሆነዋል፣ ምሳም ይሆነዋል።

ትከሻው ላይ ደበሎ ወይም ጋቢ፣ ጎኑ ላይ አኮፋዳ፣ እጁ ላይ ዱላ ታያላችሁ። ዱላው ለውሻ ነው። ያረፋችሁበት ቤት ውሻ ካለ መጀመሪያ አስሩት፤ የብዙዎቹ ባት የውሻ ጥርስ ምልክት አለበት። እንጀራ ቢሆን ዳቦ፣ ቆሎ ቢሆን በሶ ደስ ብሎት ይቀበላል። የተረፈውን እንጀራ አድርቆ ድርቆሽ ያደርገዋል። ብር ብትሰጡም አይጠላም፤ ሳሙናና መጫሚያ በብር ነው የሚገዛው።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ። "ተሜ፣ ምን ላይ ደረስክ?" ብላችሁ ጠይቁት። አቀርቅሮ የነበረው ልጅ ቀና ይላል። "ዳዊት እየደገምኩ ነው" ወይም "ቅኔ ገባሁ" ይላችኋል። ድፍረት ካገኘ አንዲት ጉባኤ ቃና፣ የሁለት ቤት አጭር ቅኔ፣ ይጥልላችኋል፤ ባይገባችሁም "ይበል!" በሉ።

ከፍ ያለ እርዳታ ካሰባችሁ ለተማሪው በተናጠል አትስጡ። ጉባኤ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ የኔታን ጠይቁ። ብርድ ልብስ ነው? እህል ነው? የውኃ ማጠራቀሚያ ነው? እሳቸው ያውቃሉ።

ገዳማቱ ላይ ምን ልስጥ? ለማን?

የመግቢያው ክፍያ ሌላ ነው፣ ስጦታ ሌላ። ለመግቢያው ደረሰኝ ተቀበሉ። ስጦታውን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨምሩት፤ ከፍ ያለ ከሆነ ለገዳሙ አስተዳዳሪ አስረክባችሁ ደረሰኝ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለበትም። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ ይዞ መሄድ ከጥንት የነበረ ነው፤ ከባሕር ዳር ገዝታችሁ ተሳፈሩ።

ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ስእለት ያለባት እህት አብሯት ባለ ወንድ ትልካለች፤ አብሯት ወንድ ከሌለ ጀልባ ነጂው ያደርስላታል። እንጦስ ኢየሱስ ደግሞ ከክብራን አጠገብ ያለ የሴቶች ገዳም ነው። እማሆዮቹን ጎብኟቸው።

ዘጌ ላይ ከገዳሙ ወጥታችሁ በጫካው ስትወርዱ ቡና የሚሸጡ ሰዎች ታገኛላችሁ። ዘጌ በገዳማቱ ሥርዓት ምክንያት በሬ ጠምዶ የማይታረስበት አገር ነው፤ ኑሮው በአብዛኛው ቡናው ነው። አንድ ኪሎ ግዙ። ምጽዋት ስላልሆነ ማንም አያፍርበትም።

ከታንኳ ሠሪውና ከሻጩ ጋር መከራከር ይነውራል?

ገበያ ነው፣ ተከራከሩ። ግን ልክ አለው። ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ትንሿን ታንኳ የሠራውን ሰው ሃያ ብር ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት አድርቀውት፣ መንገድ ተሻግረው ለለማኝ ሃምሳ ብር የሚሰጡ ሰዎች አሉ። ይህ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ሠርቶ የሚበላው ሰው ዋጋውን ቢያገኝ ነገ ከለማኙ ጎን አይቀመጥም።

በተለይ ነገደ ወይጦ የሚባሉት ወገኖቻችን ከጥንት ጣና ዳር የኖሩ፣ የደንገል ሥራ አዋቂ ናቸው። ለዘመናት ሰው ንቋቸው፣ አብሯቸው አልበላ ብሎ ኖሯል። ዕቃቸውን በደህና ዋጋ ገዝቶ፣ ሻይ ካቀረቡ አብሮ መጠጣት ከምጽዋት ይበልጣል። ዓሣ አጥማጁም እንዲሁ። እንቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁን መውረር ከጀመረ ወዲህ መረቡን የሚጥልበት ቦታ ጠቦታል።

ስሰጥ ፎቶ ብነሳስ? ሌሎችን ለማነሳሳት ነው።

አይሆንም። ቲክቶክ ላይ የእናንተ ደግነት ሳምንት አይቆይም፤ የሰውየው ፊት ግን የአገሩ ሰው ስልክ ላይ ይቀራል። ባሕር ዳር እንደሚለምን ቤተሰቡ የማያውቅ ስንት አለ። ወንጌሉም ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ነው የሚለው።

እኔ ራሴ መንገድ ላይ ብቸገርስ?

ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ የሚደርስበት ግን ብዙ። መኪና ይበላሻል፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ኔትወርክ ይጠፋና ገንዘባችሁ ባንክ ተቀምጦ እናንተ ትራባላችሁ።

ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ለሆቴላችሁ ሰው ወይም ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለመስጊዱ ሰው ንገሩ። ገጠር ከመሸባችሁ ደጅ ቆማችሁ "ቤት ለእንግዳ" በሉ። ባለቤቷ "ቤት የእግዜር ነው" ብላ ካስገባችሁ እግራችሁ ሳይታጠብ አትተኙም፤ ከልጆቿ አፍ ቀንሳም ቢሆን ታበላለች። ልክፈል ብላችሁ አትታገሏት፤ ትቀየማለች። ጠዋት ስትወጡ ለልጆቹ ስኳር፣ ለቤቱ ቡና ብትገዙ ግን ትመርቃችኋለች። ዘመኑ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለምና ከከተማ ሳትወጡ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ መሽቶባችሁ ሰው ደጅ ከመቆም ቀን መድረስ ለእናንተም ለባለቤቱም ይሻላል።

ከውጭ ነው የመጣሁት። ትንሽ ጠርቀም ያለ ገንዘብ መስጠት እፈልጋለሁ።

ደጉ ሳምራዊን አስታውሱ። እሱም መንገደኛ ነበር። ቁስለኛውን አንስቶ እንግዳ ማደሪያ ካደረሰው በኋላ ሁለቱን ዲናር የሰጠው ለማን ነው? ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ። በሽተኛው ጋር የሚቆየው እሱ ነዋ። የጎደለውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባለት።

እናንተም ነገ ትሄዳላችሁ። ትልቁን ገንዘብ እዚያው ለሚቆይ ሰው ስጡ። ሆስፒታሉ ማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ካለው ጠይቁ፤ ከፍሎ መታከም ያቃተውን ታማሚ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሰበካ ጉባኤ አለ፣ የመስጊድ ኮሚቴ አለ፣ እድር አለ፣ የኔታ አሉ። መንገድ ላይ ላገኛችሁት ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ብር ማስያዝ ግን በሌሊት ለሚነጥቀው ሰው እንደ መስጠት ሊሆን ይችላል። ካያችሁት ሰው ጋር ልባችሁ ከቀረ፣ ሱቅ ያላት ጎረቤቱ ወይም የሚያከራየው ሰው አለ፤ የወር ኪራይ ወይም ቀለብ በዚያ በኩል ክፈሉ።

ከተመለስኩ በኋላ በቴሌብር መላክ እችላለሁ?

ለምታውቁት ሰው፣ አዎ። ስሙን ሲያወጣላችሁ አይታችሁ ላኩ፣ ደውላችሁም አረጋግጡ። ፌስቡክ ላይ "ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቶ" ተብሎ ፎቶና አካውንት ቁጥር ብቻ ያለበትን ማስታወቂያ ግን እዚያ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ክፍል ቁጥሩን ይዞ ሄዶ ሳያይላችሁ አትክፈሉ። የተኛው ሰው እውነተኛ ሆኖ አካውንቱ የሌላ ሰው የሆነበት ጊዜ አለ።